ወልቂጤ ናት የተባለችው ልጅ

ዘፈኑ ጩኸት ነው። ይሄን ራሴ ስለምናገረው ማንም አይከራከረኝ። ቡታጅራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ስቆርጥና ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ጩኸት ያውቃል። ልጆቹ ሄቪ ሜታል ይሉታል። ጊታሩ ይንጫጫል፣ ከበሮው ልብ ያፈርሳል፣ ዘፋኟም ትዘፍናለች ከማለት ትጣላለች ማለት ይቀላል። ባለቤቴ ዛህራ መጀመሪያ ስትሰማው «ይቺን ልጅ ምን አድርገዋት ነው?» አለች። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ትክክለኛው የሷ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ የድምፅ ባለሙያ ሆኗል። «መጨረሻው ላይ ድምፅዋ አይሰማም፣ ጊታሩ ዋጣት፣ ይሄን ያበላሸው ማነው?» እያሉ ይጽፋሉ። ጊታሩን የሚጫወተው ስልክ ጥገና ቤት ያለው ናጃህ ስለሆነ በየመንገዱ የሚሰደበው እሱ ነው። ማንም አላበላሸውም። እንዲያ እንዲሆን የፈለገችው ራሷ ናት። ለምን እንደፈለገች ለመናገር ግን የልጅቷን ነገር ከሥሩ መጀመር አለብኝ። የኔም ጥፋት ስላለበት ደስ እያለኝ አይደለም የማወራው።

ትርሲት ገሠሠ ትባላለች። አባቷ ጋሽ ገሠሠ ከቡኢ በኩል መጥተው ቡታጅራ የከተሙ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ከኔ ጋር አጥር ለአጥር ነን። እናትየው ሲሞቱ ትርሲት አሥር ዓመቷ፣ ታናሿ ናዝራዊት ስድስት ዓመቷ ነበር። ጋሽ ገሠሠ ሌላ ሚስት አላገቡም። ጆንያ የሚያነሣ እጃቸው የሁለት ሴት ልጆች ጸጉር ሲጎነጉን በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው። ክፉ አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው እንጂ።

ትርሲት በትምህርት ቀልድ አታውቅም ነበር። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ስትገባ ሰፈሩ በሙሉ የኔ ልጅ ብሎ ሸኛት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ድምፅ መስማት ጀመረች። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ነው፤ ስሟን እየጠራ ይሰድባታል፣ አትብዪ ይላታል፣ አትተኚ ይላታል። ዶርም አብራት የምትኖር ልጅ አንድ ቀን የጆሮ ማዳመጫዋን አዋሰቻት፤ ከዘፈን ሁሉ ድምፆቹን የሚሸፍንላት ይሄ ጩኸት ብቻ ሆነ። «ሌላው ዘፈን ከነሱ በታች ነው ጋሽ ሀቢቡ፤ ይሄ ግን ይበልጣቸዋል» ብላኛለች በኋላ። እንደ መድኃኒት በየቀኑ ሰማችው። መድኃኒት ግን አልነበረም፤ አንድ ቀን ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ ቡታጅራ መናኸሪያ ወርዳ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ሳይታወቅ ብቻዋን እያወራች ተገኘች።

ጋሽ ገሠሠ ጠበል ወሰዷት፤ ወር ከአሥራ አምስት ቀን አብረዋት ተቀመጡ። ከዚያ ቤት አስገቧት። ሰው ሲጠይቃቸው «ወልቂጤ ናት» ማለት ጀመሩ። ያስዋሻቸው የናዝራዊት ነገር ነው። ለናዝራዊት ትዳር መጥቶላት ነበር፤ ያገናኟቸው ደግሞ መርካቶ የሚነግዱት የጋሽ ገሠሠ እህት፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናቸው። በኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ስለ ልጅቷ ብቻ አይጠየቅም። በዘራቸው ምን አለ፣ አእምሮውን የታመመ አለ ወይ ተብሎ ወደላይም ወደጎንም ይቆጠራል። ጋሽ ገሠሠ «የለም» አሉ። አንዴ የለም ካሉ በኋላ ደግሞ ትርሲት መታየት አልነበረባትም።

ከአምናው መስቀል በፊት፣ ነሐሴ ላይ ብየዳ ቤቴ መጡ።

«ሀቢቡ፣ ለጓዳዬ የብረት በር ሥራልኝ። ጠንከር ያለ ይሁን» አሉኝ።

«እህል ሊያስቀምጡበት ነው?»

«አዎ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ይሁን።»

እህል የሚቆለፈው ከውጭ ነው፤ ምን አስጠየቀኝ። ቱቦላሬ የሚባለውን ወፍራም ባዶ ብረት ቆረጥኩ፣ መሃሉን በፌሮ ብረት ሞላሁት፣ ማጠፊያውን ሁለት ጊዜ በየድኩት። ራሴ ሄጄ ገጠምኩት። ስገጥም ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ተዘርግቶ አይቻለሁ። የእህል ክፍል ፍራሽ ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠየቅኩም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። የትም ያለ ሰው ይገባል፤ ያልገባ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል ነው የሚባለው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም ከነልጆቻቸው ወንድማቸው ቤት ገቡ። እኔም እስላም ብሆን በየዓመቱ ጥሪ አይቀርብኝም። ሥጋውን አልበላም፤ ለኔ አይብና ጎመን በቆጮ ለብቻው ይቀርብልኛል፣ ለአረፋ ደግሞ ጋሽ ገሠሠ እኔ ቤት የሚሆናቸውን ያገኛሉ። እንዲህ ነው የኖርነው።

«ትርሲትስ?» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ገና ሳይቀመጡ።

«ወልቂጤ ናት። ፈተና አለባት» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

በመስቀል ማን ይፈተናል? እስቲ ንገሩኝ፣ ጉራጌ አገር ተቀምጦ የመስቀል ዕለት ፈተና የሚሰጥ የትኛው አስተማሪ ነው? አሥራ ምናምን ሰው እዚያ ቤት ተቀምጠናል፤ አንድ ሰው እንዴት ብሎ አልጠየቀም።

ምግቡ ቀርቦ ትንሽ እንደቆየን ከጓዳ በኩል መደብደብ ተጀመረ። ድው ድው ድው ይልና ቆም ይላል፤ ከዚያ ድው ድው። ከሥሩ የሰው ድምፅ የሚመስል ነገር አለው። ጋሽ ገሠሠ ቀና ሳይሉ «ጎረቤት ነው፣ ቤት እያደሰ ነው» አሉ። የቅርብ ጎረቤታቸው እኮ እኔ ነኝ፤ እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብያለሁ። የራሴን ብረት ደግሞ አልስተውም፤ ቱቦላሬ በመዶሻ ሲመታና በሰው እጅ ሲመታ ለየቅል ነው። ወዲያው አወቅሁ። ከጨዋታው መሃል አንድ ሰው «ሙዚቃውን ጨምሩት እስቲ» አለ፤ ተጨመረ። ድብደባው ጠፋ። እኔም አይቤን በላሁ።

ለምን ዝም አልክ በሉኝ፣ መብታችሁ ነው። የሰው ገመና ነው አልኩ በሆዴ፤ ተመራርቀን ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ለዛህራ እንኳ አልነገርኳትም።

እንግዳው እስኪሄድ አምስት ቀን እንዲያ ሆነ። በሩን የከፈተችው ናዝራዊት ናት። የእህቷ እጅ እስከ ክርኗ አብጦ ነበር። ናዝራዊት አባቷን አላስፈቀደችም፤ እጇን ይዛ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በእግር፣ ሕክምና ወሰደቻት። የአእምሮ ሕክምና የምትሠራ አንዲት ነርስ ቁጭ አድርጋ አናገረቻት፣ መድኃኒት አስጀመረቻት፣ በወር አንዴ መርፌ። ይኸው ነው። ጋሽ ገሠሠ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሹት ቦታ ከቤታቸው ሃያ ደቂቃ ነበር።

ኅዳር ላይ ትርሲት ብየዳ ቤቴ መጣች። ከስታለች፣ እጇ ከመድኃኒቱ የተነሣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ ሀቢቡ፣ የጓዳችንን በር የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

እኔ ጅሉ ሥራዬን ልታደንቅልኝ መስሎኝ «አዎ፤ ማጠፊያው ሁለት ጊዜ የተበየደ ነው፣ በሬ ቢጎትተው አይነቀልም» አልኩ።

«አውቃለሁ። አምስት ቀን ሞክሬዋለሁ» አለች።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። የብየዳ መነጽሬን አውልቄ በርሚል ላይ ተቀመጥኩ። ይቅር በይኝ ማለት ሲገባኝ መነጽሬን በጨርቅ መወልወል ያዝኩ። እሷም እያየችኝ «ሥራ ይስጡኝ» አለች።

ሰጠኋት። ከርኅራኄ ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ፤ ከዕፍረት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ዕፍረቱን ረሳሁት፣ ልጅቷ ሠራተኛ ናት። ሜትሩን አንዴ ዘርግታ ልኬት ትጨርሳለች፤ እኔ በግምት እየቆረጥኩ የጣልኩትን ብረት ሰብስባ መስኮት አወጣችበት። መርፌዋን የምትወጋበት ቀን ትቀራለች፤ በማግስቱ እንቅልፍ ስለሚጫናት ከሰዓት ትገባለች። ድምፆቹ ጨርሰው አልጠፉም፤ አንዳንድ ቀን ይመለሳሉ። ያን ቀን የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አትነካም። «ዛሬ ጥሩ አይደለሁም ጋሽ ሀቢቡ» ብላ ብሩሿን ታነሣለች፣ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ስትቀባ ትውላለች። ጤነኛ ነኝ እያለ ጣቱን የቆረጠ ሠራተኛ ስንት አይቻለሁ። ዛሬ ጥሩ አይደለሁም ብሎ የነገረኝ ግን ከሷ በፊት አልነበረም።

አንድ ልማድም አመጣች። በር ለማሠራት የመጣ ሰው ቁመቱንና ወርዱን ከተናገረ በኋላ «መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን?» ትለዋለች። በውስጥ ካለ ትጽፋለች። የጓዳ በር ሆኖ በውጭ ካለ ግን እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና «ውስጥ የሚያድረው ማነው?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አትናገርም፣ ትጠብቃለች። አንዱ «ምን አገባሽ?» ብሎ ሊያፈጥባት ሲል እኔ ከነመዶሻዬ ቀና አልኩና ተወው። ከአረቅጥ የመጣ አንድ ገበሬ ግን እንደቆመ እንባው መጣ። ውስጥ የሚያድረው ወንድሙ ነበር። በሩን አልሠራንለትም፤ የነርሷን ስልክ ጽፋ ሰጠችው፣ በሳምንቱም አረቅጥ ድረስ ሄዳ ወንድምየውን አናገረችው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በር ሠርቻለሁ፣ ይቺን አንዲት ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ዘፈኑ የተሠራው ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ነው። እኔ ለጁምዓ ከወጣሁ አልመለስም፣ ቁልፉን ለሷ ትቼ ነው የምሄደው። ናጃህ ጊታሩንና መቅረጫውን ይዞ ይመጣል። ከበሮ ስለሌላቸው እሷ ራሷ ባዶ በርሚሉን በቁራጭ ቱቦላሬ ትመታለች። አንድ ዓርብ መነጽሬን ረስቼ ስመለስ ከደጅ ሰማኋት። ድው ድው ድው ይልና ቆም ይላል፤ ከዚያ ድው ድው። በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ግጥሙ ብዙ አይደለም፤ ያዝኩት፦

ወልቂጤ ናት አላችሁ፣ ወልቂጤ ሩቅ ነው፤
እኔ ያለሁበት ግን አንድ ግድግዳ ነው።

መጨረሻው ሲደርስ «ናጃህ፣ ጨምር» አለችው። ጨመረ። «አሁንም ጨምር።» እሷ እየጮኸች ነው፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ድምፅዋ ግን የለም፤ ጊታሩ በልቶታል። ናጃህ እጁን አነሣና «ትርሲት፣ ኧረ ምንም አይሰማም» አላት።

«ያኔስ ተሰማ?» አለችው።

ናጃህ ጊታሩን እንደገና ያዘ። እንዳለው ቀረጸው። እንግዲህ ያ ተበላሸ የምትሉት ቦታ ይሄ ነው። እኔ መነጽሬን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ሐምሌ ላይ ወጣ፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ወልቂጤም ደረሰ። ስሟን አልደበቀችም፤ ትርሲት ገሠሠ ብላ ከነአባቷ ስም ጻፈችው፣ ከሥሩም ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን የበሽታዋን ስም። ጋሽ ገሠሠ በቤታቸው አንድ ነገር አልተናገሩም። መስከረም እንደጠባ ግን እኔ ዘንድ መጡ።

«ሀቢቡ፣ አንተን ትሰማለች» አሉኝ። «መስቀልን ወልቂጤ ጓደኛዋ ጋ ብትውል ምን አለበት? ዘርፈሽዋል ልትመጣ ነው። ዘፈኑን የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ልጅቷን ከፊቷ ካገኘቻት ግን ትጠይቃለች፣ የናዝራዊት ነገር ያበቃለታል። ሠርጉ እኮ ለጥር ነው።»

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፣ ዛህራ ትመሰክራለች። በጋሽ ገሠሠ ላይ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጮህኩባቸው። «ለአምናው መስቀል በር አሠሩኝ፣ ለዘንድሮው ደግሞ እኔኑ በር ሊያደርጉኝ ነው?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከኋላ ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ ያም ሆኖ አልጠራኋቸውም።

ለትርሲት ነገርኳት። እሺ ብላ ብትሄድ አልፈርድባትም ነበር፤ ያ ቤት ለሷ ቀላል አይደለም። መስኮት እየቀባች ነበር፣ እጇን አላቆመችም።

«መስቀልን ቤቴ ነው የምውለው» አለች።

«ቢያስወጡሽስ?»

«ያስወጡኝ። እያዩኝ ግን ያስወጡኝ።»

በነሱ ቤት ወግ ተቀያይሞ መስቀል አይበላም። ክትፎው ቀርቦ፣ የቤቱ አባት ከመመረቁ በፊት «ከመካከላችን ቅር ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያለው ይናገራል፤ ሳይታረቁ እጅ ወደ ክትፎው ጣባ አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ለደንቡ ነው፤ ይጠየቃል፣ የለም ይባላል፣ ይበላል።

ዘንድሮም ተጠርቼ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከነልጆቻቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ትርሲት ከጓዳ ወጣች፣ አክስቷን ሳመች፣ ከናዝራዊት ጎን ተቀመጠች። «ከሳሽ» አሏት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፤ ሌላ አልጨመሩም። ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ዘፈኑን መስማታቸው ያስታውቃል። እሳቸውም በልጆቻቸው ስልክ ሳይሰሙት አልቀሩም፣ በዚያ ጩኸት መሃል ግጥም የሚሰማ ጆሮ ግን የላቸውም። ጋሽ ገሠሠ ተነሡ። ጥያቄውን ሊዘሉት ፈልገው ነበር፣ ሰው ሁሉ ስለሚጠብቅ አልቻሉም።

«ቅር ያለው አለ?» አሉ ቶሎ ብለው።

«እኔ አለሁ» አለች ትርሲት።

ጋሽ ገሠሠ ወጉ ስለያዛቸው «ተናገሪ» አሉ።

«ካሳ አልፈልግም አባ። ይቅርታም በለኝ አልልህም፤ ምን ያህል እንደፈራህ አውቃለሁ። አምና መስቀል የት እንደነበርኩ ንገራቸው። አንተ ንገራቸው።»

«ወልቂጤ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ክትፎው ላይ ያለው ቅቤ መርጋት ጀመረ፤ እጁን የሰነዘረ የለም። እኔ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «ስትደበድበውም ሰምቻለሁ። ብረቴን አውቀዋለሁ። አውቄ ዝም ብዬ በላሁ።»

በሰው ቤት፣ ያውም በዓል ላይ፣ ውጣልኝ ቢሉኝ መብታቸው ነበር። ጋሽ ገሠሠ ግን አዩኝና እጃቸውን ወደ ጓዳው ዘረጉ።

«እዚያ ነበረች» አሉ። «አምስቱንም ቀን እዚያ ነበረች። የቆለፍኩባት እኔ ነኝ። አእምሮዋን አሟት ነበር፤ የናዝራዊት ሠርግ እንዳይፈርስ ብዬ…»

«እጮኛዬ ያውቃል አባ» አለች ናዝራዊት። «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነግሬዋለሁ።»

ጋሽ ገሠሠ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ ተሸክመው የዞሩት ጆንያ ባዶ እንደነበረ የተነገራቸው ሰው ይመስላሉ። አፍሬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ የተናገሩት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

«ያ ድምፅ» አሉ። «አምና ቤት እያደሱ ነው ያልከኝ።»

ወንድማቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እኔ ነኝ እኮ» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ድው ድው ማለቱ ራሴን አመመኝ ብዬ፣ ሙዚቃውን ጨምሩት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ትርሲት ተነሥታ ሄደች፣ እግራቸው ሥር ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«አውቃለሁ አክስቴ» አለቻቸው። «ድምፅሽን ለይቼዋለሁ። መደብደብ የጀመርኩት አንቺ መሆንሽን ስለይ ነው። ስምሽን ነበር የምጠራው።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ልጅቷን አቅፈው የቀሩትን ሰዎች ሁሉ ረሱ። ጋሽ ገሠሠ የመረቁት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ከትርሲት ስም ጀምረው መረቁ።